ያልተሞላው ግድግዳ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል እንጂ፣ መምህርቷ ተማሪዎቿ ከኋላዋ «ቀስታ» እያሉ እንደሚጠሯት አሳምራ ታውቃለች። ስሙን ያወጣችው ራሷ ናት ማለትም ይቻላል። በዩኒቨርሲቲው ክላሲካል ጊታር ማስተማር ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ከአፏ ያልተለየ ቃል ቢኖር እሱ ነው። «ቀስታ! ጣትህ ከጆሮህ አይቅደም።» «ቀስታ፣ የኔ እመቤት! ማን እያባረረሽ ነው?»

የምታስተምርበት ክፍል ምድር ቤት ጥግ ላይ ነው። ሁለት ወንበር፣ ሁለት የኖታ ማስቀመጫ፣ ጊታር ተጫዋች ግራ እግሩን የሚያሳርፍባት አጭር ዱካና አንድ ጠባብ መስኮት አለው። ከግድግዳው ማዶ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው አናጢ ቤት ነው። ሕንፃውን ያቀደው ሰው ሙዚቃና መጋዝ ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ ብሎ እንዴት እንዳሰበ እግዜር ይወቀው። ተማሪው ዓይኑን ጨፍኖ አንዲት ስስ ድምፅ ሲፈልግ፣ ከማዶ መጋዙ ይጮሃል፤ ስሷ ድምፅም ነፍሷን ይዛ ትጠፋለች።

ዓመት ከዓመት ታግሣ ታግሣ፣ በመጨረሻ ደብዳቤ ጻፈች። ደብዳቤው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከራተት ከርሞ ውሳኔ ይዞ ተመለሰ። በግድግዳው ላይ በኮምፔንሳቶ ሁለተኛ ግድግዳ ይሠራ፤ መሃሉም ድምፅ በሚውጥ ጥጥ ይሞላ ይላል። ሥራው የተሰጠው ለዚያው ለአናጢው ነበር። ተከሳሹን የራሱን ፍርድ አስፈጽም እንደማለት ነው።

ይህ ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ አናጢው በአራት ቀን ጨረሰው። እሱ የገጠመው መጋጠሚያ ምላጭ አያስገባም፤ የሠራው መሳቢያ በትንሽ ጣት ይከፈታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መምህርቷ ጠዋት ስታስተምርም ሆነ ከሰዓት በኋላ ከዘጠኝ እስከ አሥር ብቻዋን ስትለማመድ መጋዝ የሚባል ነገር አልሰማችም። «ተባረክ» አለች በሆዷ። ልታመሰግነው አስባም ነበር፤ ዛሬ ነገ ስትል ቀረ።

ያስተዋወቃቸው ግን ምስጋና ሳይሆን ጥፍር ነው። ክላሲካል ጊታር የሚጫወት ሰው ክሩን የሚመታው በቀኝ እጁ ጥፍር ነው። ጥፍሩ ትንሽ ከሻከረ ድምፁም ይሻክራል። ስለዚህ የቀኙን አሳድጎ፣ እጅግ በላመ ብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሰ ይኖራል። የግራው ግን ከሥሩ ይቆረጣል። አንድ ሰኞ ብርጭቆ ወረቀቷ አለቀባትና ዞራ ወደ አናጢው ቤት ሄደች።

«እንደምን ዋሉ? ከሁሉ የላመ ብርጭቆ ወረቀት ይኖርዎታል?»

«ለምን ዓይነት እንጨት ነው መምህር?»

«ለእንጨት አይደለም» ብላ ቀኝ እጇን ዘረጋችለት።

አናጢው እጇን ሳይነካ አጎንብሶ አየ። ቀጥሎ ግራ እጇን አየ። እንደገና ወደ ቀኙ ተመለሰ።

«የዚያኛውን ጥፍር ማን ወሰደው?»

ሳቋ አመለጣት። ሥራውን አቁሞ ሦስት ዓይነት ወረቀት አወጣና አንድ በአንድ በራሱ ጥፍር ላይ ሞከረ። «ይሄ ይቧጥጣል። ይሄም ለበር እንጂ ለሰው አይሆንም። ይሄኛው ይሻላል» አለና የክብሪት ቀፎ የምታህል ቁራጭ ቆርጦ ሰጣት። እጁ ትልቅና ሻካራ ነው፤ ሲቆርጥ ግን የቀዶ ሕክምና ሐኪም ይመስላል። መምህርቷ ሙያዋ ሆኖ የሰው እጅ ሳታይ አታልፍም። ያንን እጅ አየችው፤ ከክፍሏ ገብታም ታስበው ነበር።

ከዚያ በኋላ በየሰኞው መሄድ ሆነ። አንዲት ቁራጭ ወረቀት ለወር ትበቃለች፤ ይህንን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም አያነሱትም። ስለ እንጨት ያወራሉ፤ በሩ ስለተገነጠለበት ቤተ መጻሕፍት፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ታላቅ እህቷ ያወራሉ። አንድ ቀን ለምን እንዳላገባ ስትጠይቀው «ልኬን ብዙ ሰው ወስዶታል መምህር፤ የገጠመ ግን የለም» አላት። ስለ ሙዚቃ አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም፤ ደስ የሚላትም ይኸው ነበር። እሱ ዘንድ ስትሆን ስትጫወት ያልሰማት፣ ምንም የማያውቅባት ሰው ጋር ያለች ይመስላትና ትከሻዋ ይቀላታል።

የሚታወቅባት ነገር ነበረ። በወጣትነቷ ተወዳድራ አሸንፋለች፤ በብዙ አገር አዳራሾች ተጫውታለች፤ ጋዜጣ ጽፎላታል። ከስድስት ዓመት በፊት ግን በገዛ ዩኒቨርሲቲዋ አዳራሽ፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ አንድ ረጅም ድርሰት ስትጫወት፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ዜማው ወደ ወፍራሙ ክር ሲወርድ እጇ ቆመ። ቀጣዩ ጠፋት። አዳራሹ ጭጭ አለ። የሚያስል እንኳ አልነበረም። ጊታሯን አንስታ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ በሰው ፊት ተጫውታ አታውቅም።

አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናት፤ ምላሷም እንደ ደወሏ ነው። «እኔ ለሰው ጊታሪስት እህት አለችኝ እላለሁ» ትላለች። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!»

«ተይኝ እትዬ።»

«ተውኩሽ። ስድስት ዓመት ተውኩሽ። እስኪ መተዉ ምን ጠቀመሽ?»

የዘንድሮው ነገር ግን የሚተው አልሆነም። በዩኒቨርሲቲው ደንብ የሙዚቃ መሣሪያ መምህር በየሁለት ዓመቱ በአደባባይ መጫወት አለበት። መጀመሪያ ላይ እጄን አሞኛል ብላ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሥራ በዝቶብኛል ብላ አመለጠች። አሁን የክፍሉ ኃላፊ ጠርቷት፣ መነጽሩን እያወለቀ «ዘንድሮ ካልተጫወትሽ ጊታሩን ለሌላ ሰው ሰጥቼ አንቺን ወደ ንድፈ ሐሳብ ትምህርት አዛውርሻለሁ» አላት። «ጨክኜብሽ አይደለም። የማይጫወት ሰው አጫዋወት ያስተምራል ብዬ መፈረም ግን አልችልም።»

ከኃላፊው ክፍል ስትወጣ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ጊታር ሳታስተምር ምን ሆና እንደምትኖር አታውቅም። የምትጫወተውን ስትመርጥ ግን ያንኑ ረጅሙን ድርሰት መረጠች። እሱን ካልተሻገረች ሌላውን ብትጫወት ለራሷ ዋጋ እንደሌለው ይገባታል።

እውነቱን ለመናገር ከስድስት ዓመት ወዲህ ተለይታው አታውቅም። በየቀኑ በዘጠኝ ሰዓት በሯን ዘግታ ትጀምራለች፤ እዚያች ቦታ ስትደርስ እጇ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለብቻው ብትጫወተው ችግር የለም፤ ለተማሪዎቿም ታሳያቸዋለች። መሻገሩ ነው እምቢ ያላት። ትቆምና ክሩ እስኪሞት ጠብቃ፣ ጊታሯን ሳጥኑ ውስጥ ታስተኛለች።

ኮንሰርቱ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አናጢው «የእናቴ ጣራ ያፈሳል፤ ለአንድ ሳምንት ፈቃድ ወስጃለሁ» አላት። ለሰኞም የሚሆን ወረቀት አስቀድሞ ቆርጦ ሰጣት።

በማግስቱ በዘጠኝ ሰዓት ጊታሯን አቅፋ የመጀመሪያውን መስመር እንደጀመረች፣ መጋዙ ከማዶ ተነሳ። ከነሙሉ ጉልበቱ! ግድግዳ የሌለ እስኪመስል ድረስ። ደንግጣ ዞራ ሄደች። በአናጢው ቦታ ለሳምንቱ የተላከ ሌላ ሠራተኛ ቆሟል።

«ምነው፣ ይሄ መጋዝ አዲስ ነው?» አለችው።

«ኧረ አሮጌ ነው እመቤቴ። በየትኛው በጀት!»

«እሱ በዚህ ሰዓት ሲሠራበት ሰምቼ አላውቅም።»

ሠራተኛው ትከሻውን ነቀነቀና በሩ ጀርባ የተለጠፈ ወረቀት አሳያት። አናጢው በእርሳስ፣ ለራሱ ማስታወሻ ብሎ የጻፈው ነው። ማሽን ማለዳ እስከ ሦስት ሰዓት፣ በምሳ ሰዓት፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ። ከታች ደግሞ «ከዘጠኝ እስከ አሥር ኮላ ብቻ» ይላል።

ኮላ መቀባት ድምፅ የለውም።

ካቻቢቴ ተውሳ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ጥፍሯ እንዳይሰበር እየተጠነቀቀች የኮምፔንሳቶውን ብሎኖች ፈታች። የመጀመሪያውን ክፍተት ጥጥ ሞልቶታል። ሁለተኛውም እንዲሁ። ከወንበሯ ፊት ለፊት ያለው ሦስተኛው ግን ባዶ ነው፤ እጇን ብትሰድ አሮጌውን ግድግዳ ነካች። ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ያለላት ግድግዳው ሳይሆን ሰውየው ኖሯል።

መጀመሪያ ሰውነቷ ሞቃት። ወዲያው ደግሞ ቀዘቀዘች። እንዲህ ከሆነ ሁሉን ሰምቷል። በየቀኑ እዚያች ቦታ ስትወድቅ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አንድም ቀን ሳይቀር ሰምቷታል። ምንም አያውቅብኝም ያለችው ሰው! ብቻዋን ሆና ውሃ ሆነች።

ፈቃዱ አልቆ በሁለተኛው ሰኞ ሲመለስ ደጃፉ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«አንተ!» አለችው። እስከዚያ ቀን «እርስዎ» ነበር የምትለው። «ግድግዳዬን ለምን ባዶ ተውከው?»

አናጢው የያዘውን መላጊያ ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«አወቁ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ስትሰማኝ ኖረሃል!»

«ጥጡን ወስጄው አይደለም፤ ለንብረት ክፍል መልሻለሁ» አለ። ጆሮው ቀልቷል። «በሥራዬ ጎዶሎ ነገር አስረክቤ አላውቅም። ይሄ ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ ልሞላው ጀመርኩ። በክፍልዎ እንጨቱን ሳቆም እርስዎ ለጊዜው ወደ ሌላ ክፍል ገብተው ይጫወቱ ነበር፤ በኮሪደሩ ይሰማኛል። እኔ እዚያ ጥጥ እጠቀጥቃለሁ። የመጨረሻዋ ክፍተት ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ።»

«ስለዚህ ያንን ጨዋታ ታውቀዋለህ።»

«በየቀኑ ነው የምሰማው። በተለይ መጨረሻው!» አለ፤ ፊቱ በራ። «መጨረሻው ላይ ሁሌም እጄን ከሥራ አነሳለሁ። ሌላው ሙዚቃ ሲያልቅ አለቅሁ ብሎ ጮሆ ነው። ይሄ ግን ሰው የልቡን ሊናገር አፉን ከፍቶ የተወው ይመስላል። እንደዚያ አድርጎ የጨረሰውን ሰው ባገኘው እጁን እጨብጠው ነበር።»

እያሾፈባት እንደሆነ ለማወቅ ዓይኑን አየችው። ዓይኑ ውስጥ ሹፈት የለም። ስድስት ዓመት ያቃጠላትን ውድቀት፣ ይህ ሰው ውብ ፍጻሜ ነው ብሎ ሁለት ዓመት ወዶት ኖሯል። ምን ብላ ትንገረው? ልትስቅም ልታለቅስም ቃጣት፤ ሁለቱንም ዋጠችና «ነገ ና ሙላው» ብላው ሄደች።

መጣ። ጥጡን ተሸክሞ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ መጣ። እሷ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ እሱ ሲሞላ አየችው። የሚሰማው የጥጡ መታመቅና የብሎኑ መዞር ብቻ ነበር። የመጨረሻው ብሎን ሲቀር እጁ ቆመና ጀርባውን እንደሰጣት ተናገረ።

«ሌላ ቦታ ተዛወር ቢሉኝ እዛወራለሁ፣ መምህር። ብቻ ሰኞ ሰኞ አይቅሩብኝ።»

አንጀቷን በላው። እሱም ብሎኑን አጥብቆ ወጣ።

በዘጠኝ ሰዓት ጊታሯን አነሳች። ከማዶ ምንም የለም። ግድግዳው አሁን የእውነት ግድግዳ ሆኗል። እንደተለመደው እዚያች ቦታ ደርሳ ቆመች፤ ክሩም ሞተ። ማንም እጁን ከሥራ ያላነሳለት ዝምታ ነበር። ያን ጊዜ እንደምትወደው አወቀች። ዘግይታ እንጂ ሳታውቀው ቀርታ አይደለም፤ በዚህም ቢሆን ቀስታ ናት።

ለኮንሰርቱ ሦስት ቀን ሲቀር፣ ሰኞ ዕለት፣ ወደ አናጢው ቤት ሄደች። ሲያያት የያዘው ሜትር ከእጁ ወደቀ።

«ወረቀት አልቆብኛል» አለች። አላለቀባትም።

ቆርጦ ሰጣት። ተቀብላ አልሄደችም።

«ሐሙስ በአሥር ሰዓት አዳራሽ ውስጥ እጫወታለሁ። ና።»

«እኔ? አዳራሽ? ከዚህ ሁሉ ሰጋቱራ ጋር?»

«አራግፈዋ።»

ስለ መጨረሻው ልትነግረው አፏን ከፈተች። ከዚያ «በጊዜ ድረስ» ብቻ ብላው ወጣች።

ሐሙስ አዳራሹ ሞላ። ተማሪዎቿ ሁሉ አሉ። ኃላፊው ከነመነጽሩ ከፊት ተቀምጧል። እትዬም ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ፈተና እንደምትጠብቅ ሰው ቀጥ ብላለች። አጠገቧ ባለው ባዶ ወንበር ላይ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ አንድ የማታውቀው ሰው ይቅርታ እየጠየቀ ተቀመጠ። ፀጉሩ ውስጥ አሁንም ትንሽ ሰጋቱራ አለ።

ሁለት አጫጭር ድርሰቶች በሰላም አለፉ። ከዚያ ረጅሙን ጀመረች። የመጀመሪያው ገጽ እንደ ውሃ ፈሰሰ፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ ዜማው ወደ ወፍራሙ ክር ወረደ። እጇም ቆመ።

ክሩ እየሞተ ሄደ። አዳራሹ ጭጭ አለ። የዱሮው ዝምታ ነው፤ መልኩን አልረሳችውም። መነሳት ብቻ ነው የቀራት።

በዚህ መሃል አንድ ሰው አጨበጨበ።

እጁ እንደ ሳንቃ ነው የሚጮኸው። አናጢው ተነስቶ ቆሞ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ሁለት ዓመት ለሚወደው ፍጻሜ ባለ በሌለ ኃይሉ ያጨበጭባል። እትዬ በክርኗ ጎኑን ወጋችው፤ አልሰማም። ድርሰቱን የሚያውቁት ተማሪዎቿ አንገታቸውን ደፉ። የማያውቀው ሕዝብ ግን አለቀ ብሎ ተከተለው፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

እጅ ነስታ መውጣት ትችል ነበር። ከአዳራሹ ሰው አብዛኛው እስከ ዕድሜ ልኩ አያውቅባትም። ኃላፊው እንኳ መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀምሯል፤ ይለፋት ያለ ይመስላል። አናጢውን አየችው። ከነመውደቋ ነበር የወደዳት፤ መውደቋን እንኳ መውደቅ መሆኑን ሳያውቅ። ስድስት ዓመት የፈራችው ነገር እነሆ በሰው ሁሉ ፊት ደረሰባት፤ እሷን ግን ሳቅ አፈናት። መድረክ ላይ፣ ጊታሯን አቅፋ፣ ከልቧ ሳቀች።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ጭብጨባው ጋብ ሲል። «ግን ገና አላለቀም።»

አዳራሹም ሳቀ። አናጢው ወንበሩ ላይ ወድቆ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ከሦስተኛው ገጽ አናት ጀመረች። ሳቁ ገና ከከንፈሯ አልጠፋም። ዜማው ወረደ፤ ወፍራሙን ክር ነካችው፤ መሻገሯን ያወቀችው ከተሻገረች በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ጣቷ ለዓመታት የሚያውቀው መንገድ ነበር። አናጢው እጁን ከፊቱ ላይ አንስቶ፣ እስከዚያ ቀን ሰምቶት የማያውቀውን ግማሽ አፉን ከፍቶ አዳመጠ። በእውነት ሲያልቅ ሕዝቡ ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበ። እሱ ብቻ ፈርቶ ቁጭ አለ።

ስትወጣ እትዬ በሩ ላይ አቅፋ ሳመቻት፤ ዓይኗ ቀልቷል። ወዲያው ግን ርዕሰ መምህርትነቷ ተመለሰባት።

«ያ ያቋረጠሽ ሰውዬ ማነው? እንዴት ያለ ነው! በክርኔ ብለው ብለው አልሰማ አለኝ!»

«የኔ ነው፣ እትዬ።»

«የኔ ማለት?»

«የኔ ማለት የኔ ነዋ።»

እትዬ ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ከተተችና ዙሪያዋን ታይ ጀመር። አናጢው ከአምዱ ጀርባ ተሸሽጎ መውጫ ይፈልግ ነበር። መምህርቷ በእጇ ጠራችው፤ አንገቱን ደፍቶ መጣ።

«አዋረድኩዎት፣ መምህር። ያለቀ መስሎኝ…»

«አንቺ በለኝ።»

ቀና አለ። እውነት መሆኑን እስኪያምን ፊቷን አየ። «አዋረድኩሽ» አለ፤ ድምፁ ግን ደስታውን መደበቅ አልቻለም።

እትዬ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ሥራህ ምንድን ነው?»

«አናጢ ነኝ።»

«ሙዚቃ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ምንድን ነው እንዲያ ያስጨበጨበህ?»

«እሷ» አለ።

እትዬ ከፀጉሩ ላይ ሰጋቱራውን በጣቷ አነሳችለት። «በሉ እንሂድ፤ በር ላይ ቆሞ አይወራም» ብላ ፊት ፊት መንገዱን መራች። አናጢው የጊታሩን ሳጥን ሊይዝላት እጁን ዘረጋ። ጊታሯን ለእህቷ እንኳ አስይዛ አታውቅም፤ ለእሱ ሰጠችውና ሦስቱም ወደ ታች ወረዱ።